በመከራ መካከል ያመሰገኑ ሰው፤ የአናሲሞስ ነሲብ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሰው በመስቀል በዓል ክትፎው ከቆጮ ጋር ቀርቦ፥ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶች በቤቱ ተሰብስበው ሳሉ ቢደሰት የሚያስደንቅ አይደለም። ጤና ያለው፥ ፈተናውን ያለፈና ጎተራው የሞላለት ሰውም ተመስገን ለማለት አይቸገርም። የሚያስደንቀው ሁሉ ነገር ከእጁ ከወጣ በኋላ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቲያን በማናቸውም ጊዜ ደስ እንዲለውና በሁሉ ነገር እንዲያመሰግን ማስተማሩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን ይህ ትምህርት በአንድ ኢትዮጵያዊ ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ብፈልግ የአናሲሞስ ነሲብን ታሪክ የሚያህል አላገኘሁም። ስለዚህ ለመጽሔታችን አንባቢዎች፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ባጭሩ ልጽፈው ወደድሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አናሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጓሜውም አስተርጓሚ ማለት ነው። ሂካ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆን ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። ነሲብ የሚለውም ስም በባርነቱ ጊዜ የወጣለት ነው። በዚያ ዘመን የእኛም አገር የጉራጌ ልጆች እንዲሁ ተነጥቀው ተሸጠዋል። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለጉንችሬ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ በምጽዋ ነጻ አወጣውና በምንኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። እነርሱም በትምህርት ቤታቸው አስተማሩት። በ1872 ተጠምቆ አናሲሞስ ተባለ። አናሲሞስ በጳውሎስ መልእክት ውስጥ የሚገኘው የፊልሞና ባሪያ ስም ነው፤ በግሪክኛም የሚጠቅም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ዕቃ የተሸጠው ልጅ ይህን ስም ይዞ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሥራ ሊሠራ ተነሣ።

አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው ከ1876 እስከ 1881 በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሲመለሱ በሰላም አገር ተቀምጠው መኖር ይችሉ ነበር፤ ሐሳባቸው ግን ወንጌልን ለኦሮሞ ወገኖቻቸው ማድረስ ነበረ። ስለዚህ ከጓደኞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። መንገዱ አልሆነላቸውም። አናሲሞስም በንዳድ ታመው በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። ዳግመኛ በሌላ መንገድ ተጉዘው በ1886 እንጦጦ ደረሱ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ምክንያት ወደ ፊት እንዲያልፉ ሊፈቅዱላቸው አልቻሉም። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ከመጡ በኋላ ባዶ እጃቸውን ወደ ምንኩሉ ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሁለት ጊዜ መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን ይሠራል? አንዳንዱ ያማርራል፤ አንዳንዱም እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ሥራውን ይጥላል። አናሲሞስ ግን በ1887 የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉም ርእስ የሚጀምረው ገለታ በሚል ቃል ነው። ገለታ በኦሮምኛ ምስጋና ማለት ሲሆን እኛም በአማርኛ ገለታ ይግባህ እንላለን። አገራቸው መግባት ሲከለከሉ ምስጋናቸውን በአገራቸው ቋንቋ አስቀድመው ሰደዱት ማለት ነው። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

ከዚያም በኋላ ኀዘን አልተለያቸውም። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ምሕረት ኃይሉ ሞቱባቸው። ቋንቋቸውም ቢሆን በልጅነት ከአገር ስለ ወጡ ብዙ ቃል ጎደለባቸው። በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ የተባሉት፥ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡ ወጣት ሴት፥ ቃላትን እየሰበሰቡ ረዷቸው። አናሲሞስም ጉድለታቸውን ሳይደብቁ በእኅታቸው ዕውቀት ተደግፈው ሠሩ። አዲስ ኪዳን በ1893 በምንኩሉ፥ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሁለቱም በኅብረት ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ወጣ። እኛ በቤታችን ጉራጊኛ፥ በትምህርት ቤት አማርኛ የምንናገር ልጆች፥ እናት ባስተማረችው ቋንቋ መጽሐፍ ማንበብ ምን ያህል ደስታ እንደ ሆነ እናውቃለን።

በ1904 አናሲሞስ ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምት ተቀመጡ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በደኅና ተቀበሏቸው። ከተነጠቁ 35 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ በነቀምት እንዲኖሩ ቢፈቅዱላቸውም፥ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ታገሡ። ከዚያም ሳያቋርጡ ሠርተው ሰኔ 1931 ወደ ስብከት ሲሄዱ በመንገድ ወድቀው በነቀምት ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ማመስገን ማለት ክፉውን ነገር መልካም ነው ማለት አይደለም። ባርነት ክፉ ነው፤ እናትን ከልጅ መለየትም ግፍ ነው፤ ለዚህ ምስጋና የሚጠይቅ አምላክ የለም። ደግሞም ምስጋና እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ አናሲሞስ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ሌላ መንገድ ፈልገዋልና። ለእኔ እንደሚመስለኝ፥ የክርስቲያን ምስጋና መከራው ከወሰደው ይልቅ እግዚአብሔር ያስቀረውን አይቶ በእርሱ መሥራት ነው። ከሂካ ቤቱን፥ እናቱንና አገሩን ወሰዱበት፤ ቋንቋውን ግን ፈጽመው ሊወስዱበት አልቻሉም። በዚያች በቀረችው ነገር ለሚሊዮኖች የሚተርፍ ሥራ ተሠራ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛም መካከል አባቱ የሞተበት፥ የትምህርት ቤት ወጪ የቸገረው፥ የፈተናው ውጤት ያሳዘነው አይጠፋም። ኀዘኑን ይደብቅ አልልም። ነገር ግን የቀረለትን ነገር ይቊጠር፤ ቊጥሩም ትንሽ ቢሆን በእርሱ ይጀምር። አስተርጓሚ የተባለው ሕፃን ስሙን በሥራ የፈጸመው ሁሉ ነገር ስለ ተመቸው አልነበረምና።