ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የእንግሊዝኛ ትምህርታችን

እኛ በወረታ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የምንማር ተማሪዎች ስለዚህ ትምህርት ስናስብ ዘወትር በዐይናችን የሚመጣው ፈተናው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ቋንቋው ያልገባው ተማሪ ሌላውም ትምህርት ይጨልምበታል። ይሁን እንጂ ቋንቋ ለሰው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ለመረዳት፣ ከፈተና ይልቅ የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት አብልጦ ያስተምራል። ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሔት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

ወርቅነህ በ1858 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት የሚናወጥበት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ታላቅ መድፍ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሔዱ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ዛሬም ደብረ ታቦር ያደርሳልና፣ ይህ ታሪክ ለፎገራ ልጆች ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ከወላጆቹ ተለይቶ የቀረውን ይህን የ3 ዓመት ያህል ሕፃን ቻምበርሌን የሚባል መኰንን ወደ ሕንድ አገር ይዞት ሔደ። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የማስተማሩን ወጪ ቻለ። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ሆነ።

ልጁ በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ኋላም ስኮትላንድ ተሻግረው ዕውቀታቸውን አስፋፉ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። እንግሊዝኛን እንደ ተወላጅ ዐወቁ፤ አማርኛው ግን ከአፋቸው ጠፋ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን እኛ፣ የርሳቸውን እንግሊዝኛ ብንመኝም የከፈሉትን ዋጋ ልንዘነጋ አይገባንም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ልባቸው ወደ አገራቸው አዘነበለ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው ዐወቋቸው። ያን ጊዜ ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ያሻቸው ነበር። እርሳቸው ግን በዚህ ተስፋ አልቈረጡም። በጐልማስነታቸው አማርኛን እንደ ገና ተማሩ፤ ውለው አድረውም ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ። በሌላ አገር የቀሰሙትን ዕውቀት በራሳቸው ቋንቋ ለወገናቸው መለሱለት ማለት ነው።

በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን በስማቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ባሕር መውጫ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር አሜሪካ ተላኩ። ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው የሚገቡበት የጣናችን ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተነገረው በርሳቸው አንደበት ነበር። ግድቡ በዚያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ። ከዚያ በኋላ በጨርጨር አገረ ገዥነት ሠርተዋል።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የመጣው በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ በሆኑ ጊዜ ነው። የኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወርር፣ በሕፃንነታቸው ከአገራቸው በወሰዳቸው ሕዝብ ቋንቋ ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ብዙ የእንግሊዝ ሰዎች ሰምተው አዘኑ፤ መንግሥቱ ግን በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ወረራ ዕውቅና ሰጠው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ መሐንዲሶቹ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባትየው በባዕድ አገር ሆነው ይህን መርዶ ተሸከሙ እንጂ ሙግታቸውን አላቋረጡም። በ1934 ዓ.ም. ነፃ ወደ ወጣች አገራቸው ተመልሰው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የሰው ቋንቋ መቻል የሰውን ልብ እንደ መግዛት አይቈጠርም፤ ጥሩ እንግሊዝኛ በር ያስከፍታል፣ ፍርድን ግን አያስገኝም። ቢሆንም በሩ እስካልተከፈተ ድረስ እውነት ከውጭ ቆማ ትቀራለች። ሁለተኛው፣ ሐኪም ወርቅነህ አንዱን ቋንቋ ያገኙት ሌላውን አጥተው ነበር፤ እኛ ግን አማርኛችንን ይዘን እንግሊዝኛን የምንጨምር ዕድለኞች ነን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ እንዳቀረቡልን፣ የተማርነውን ለወገናችን ማድረስ ይጠበቅብናል።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ! ለፈተና ብቻ የተሸመደደ ቃል ከፈተናው ማግስት ይረሳል። መጽሐፉን እናንብብ፣ ያልገባንን እንጠይቅ፣ የገባንንም በየቤታችን በአማርኛ እናስረዳ። ወላጆቻችንም በሜዳው ላይ የደከሙበት ድካም ፍሬ የሚያፈራው ያን ጊዜ ነው።