ጎል በሕግ ይጸናል
የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር የሕይወት ታሪክ

በከተማችን በድሬዳዋ የእግር ኳስ ነገር የተነሣ እንደ ሆነ ወሬው የሚያልቀው በጎል ነው። ከደቻቱ ወዲህ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥርም ሆነ ከደቻቱ ወዲያ በመጋላ ሻይ ቤቶች፣ ኮተን እየተባለ ይጠራ የነበረውን የጥጥ ፋብሪካውን ቡድን የሚያስታውሱ አባቶች የቡድናቸውን ጎሎች እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥራሉ። አንዱ ያልተለመደ ጎል ሲያነሣ ሌላው ከዚያ የባሰውን ያመጣል። የተከላካይ እግር ነክታ የገባችው፣ ነፋስ ያጠፋት፣ ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ መረብ የነካችው ሁሉ በየተራ ይነሣሉ። ክርክሩ የሚጦፈው ግን በጎሉ ማማር አይደለም። ጎሉ በሕግ ገብቷል ወይስ አልገባም በሚለው ነው።

እኛ ተማሪዎችም ይህን ክርክር ደጋግመን ስንሰማ አንድ ጥያቄ አደረብን። ይህ ሁሉ ሰው የሚሟገትበትን ሕግ ወደ አገራችን ቋንቋ ያመጣው፣ በአገራችንና በአፍሪካም እንዲከበር የደከመው ማን ነው? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስም ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኒህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ነበሩ። ልጅ ይድነቃቸው አዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ከደብተራቸው ጋር ኳስም ወደዱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እርሳቸውም ከዚህ ቡድን ጋር ስማቸው ተያይዞ ኖረ።

ይሁን እንጂ 1928 ዓ.ም. የወረራ ዘመን መጀመሪያም ነበር። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሰውን በዘር የሚለይ ሕግ አወጣ፤ መለያየቱም እስከ ኳስ ሜዳ ደረሰ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ተደርጎ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተፈረደባቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተከልክሎ ቡድኑ በሌላ ስም እንዲጠራ ተደረገ። ወጣቱ ይድነቃቸው የተጫወቱት በዚህ ዘመን ነው። ሰው በሜዳ የሚለካው በእግሩና በልቡ መሆኑ ቀርቶ በቆዳው መልክ ሲሆን ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አዩ። የኋላ ሥራቸውን ስንመለከት ይህ ትምህርት ከልባቸው እንዳልወጣ እንረዳለን።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም ዋናው ሠራተኛ እርሳቸው ነበሩ። የጨዋታውንም ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ነገር ዛሬ ቀላል ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ደንቡ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ተጽፎ ቢቀር ኖሮ ዳኛ የሚሆነው ቋንቋውን የሚያውቅ ብቻ፣ ተከራካሪውም ጩኸቱ የበረታው በሆነ ነበር። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ውድድር ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖች፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮችና ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳና በአንድ ደንብ ተሰለፈ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱ፤ ቢሆንም ከጥቂት ዓመት በፊት ተከልክሎ የነበረው ግጥሚያ በግልጽ ተደረገ።

አቶ ይድነቃቸው በጽሕፈት ቤት ብቻ አልቀሩም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመታት በአጥቂነት ተሰልፈው ብዙ ጎል አግብተዋል፤ የአገራቸውንም ማልያ ለብሰዋል። የኢትዮጵያ ቡድን የመጀመሪያውን የውጭ ግጥሚያ ያደረገው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተጋጣሚውም በእኛ ከተማ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ የምትገናኘን የጎረቤታችን የጂቡቲ ቡድን ነበር። ውጤቱም 5 ለ 0 በሆነ ብልጫ የእኛ ሆነ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ከኢትዮጵያ በኩል ከነበሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም አለ። የቀሩት ሦስቱ አገሮችም እንዲህ ያለ ቡድን ከእኛ ጋር አይጫወትም ብለው ከውድድሩ አስወጡት። ደቡብ አፍሪካ የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ነበረችና ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። በፍጻሜው ግን ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፍን። እውነትን መያዝ ብቻውን ጎል እንደማያገባ ከዚህ ይታወቃል። ልምምድም፣ ትዕግሥትም፣ ጊዜም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፍን በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብጽ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘን። የድሬዳዋ አባቶች ከሁሉ አስበልጠው የሚያወሩት የዚህን ቀን ጎሎች ነው፤ ምክንያቱም የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተን ተጫዋች ነበረ። በመጀመሪያ ባደዊ ለግብጽ አገባ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ የሕዝቡ እልልታ ሳይበርድ ግን በ75ኛው ደቂቃ ባደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ አቻ የምታደርገውን ጎል አስቆጠረ። በተጨመረው ሰዓት ደግሞ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ለአንድ አገር ጎል ማግባታቸው በየትም አገር እምብዛም የማይታይ ነው። ሁለት ጊዜ አራት ጎል የተቈጠረባት ኢትዮጵያም በተራዋ አራት ቈጥራ የዋንጫ ባለቤት ሆነች።

ወንድማማቾቹ የተወለዱት ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። በወረራው ዘመን ሕግ ዘር ከዘር ተለይቶ ይጫወት በነበረበት አገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደዚህ ያለ ልጅ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በሜዳው ሕግ ኳሷ መሥመሩን ሙሉ በሙሉ ካለፈች ጎል ናት፤ የመታት ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠየቅም። አቶ ይድነቃቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የደከሙለት ነገር ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው ከአገር አልፎ የአህጉር ሆነ። ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ እንኳ በቀጥታ አልተሰጠም በማለት የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ሲወጡ ከተሟጋቾቹ መካከል ነበሩ፤ ለሚቀጥለው የ1970 ውድድር አፍሪካ አንድ ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቈዩ። በዓለም የእግር ኳስ ጉባኤዎች ላይ የዘር ልዩነት የሚያደርገውን የደቡብ አፍሪካን ማኅበር ሳይታክቱ ተቃወሙ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ማኅበሩን ከአባልነት አስወጣ።

ይህ 1968 ዓ.ም. ለድሬዳዋም የማይረሳ ዓመት ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው በከተማችን ስታዲየም ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ተጋጠሙ። ያለፈው ውድድር ባለ ዋንጫ የነበረችው ዛየር ከድሬዳዋ ሙቀት ሳትወጣ ተሰናበተች። ከዚህ ያለፈችው ሞሮኮ አዲስ አበባ ላይ በመጨረሻው ጨዋታ በጊኒ 1 ለ 0 ስትመራ ቈይታ ሊያልቅ ሲል አቻ ሆነች፤ ነጥቡም በቅቷት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች። አሸናፊ ሳይኖር ዋንጫ ያስገኘች የአቻ ጎል እርሷም ከማይለመዱት ጎሎች ተራ ትቈጠራለች።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የደከሙለትን ነገር ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አዘጋጅታ፣ ነጭና ጥቁር ልጆቿን በአንድ ማልያ አሰልፋ አሸነፈች። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም እንቢ የተባለው ነገር ከ39 ዓመት በኋላ እንዲህ ሆኖ ተፈጸመ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ጎል ያገባ ሰው ስሙ ከጎሉ ጋር ይነሣል፤ ጎሉ በትክክል እንዲቈጠር ሜዳውን ያቀናው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ሜዳ ስንጫወት የገባብንን ጎል አልገባም ብለን የምንሟገትበት ቀን ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ሰዓት ደንቡ ለእኛም ለተጋጣሚያችንም እኩል እንዲሆን መፍቀድ ለአቶ ይድነቃቸው መታሰቢያ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አባቶቻችንም በከዚራና በመጋላ የኮተንን ጎሎች ሲያነሡ የእኒህን ሰው ስም አብረው እንዲያነሡልን በአክብሮት እንለምናለን።