አርተር ሴሲል ፒጉ

አርተር ሴሲል ፒጉ (እ.ኤ.አ. 1877–1959) እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነበር። ዛሬ የአካባቢ ምጣኔ ሀብት ለሚባለው የትምህርት ዘርፍ መነሻ የሆነውን ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ የካርቦን ግብርም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ፒጉ የተወለደው በዋይት ደሴት በምትገኘው በራይድ ከተማ ነው። በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ መጀመሪያ ታሪክ አጠና፤ በኋላ ወደ ምጣኔ ሀብት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ገና በ30 ዓመቱ የአልፍሬድ ማርሻልን የፕሮፌሰርነት ወንበር ተረክቦ እስከ 1943 ቆየበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ጦር ግንባር ድረስ እየሄደ አምቡላንስ ይነዳ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከሰው እየራቀ እንደሄደ ይነገራል። ተራራ መውጣት ይወድ ነበር።

ስሙን ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመው «ዘ ኢኮኖሚክስ ኦፍ ዌልፌር» የተባለው መጽሐፉ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ትርፉን አንዱ ወስዶ ጉዳቱን ሌላው ከተሸከመ፣ ዋጋው እውነተኛ ነው ወይ? ከባቡር የሚወጣ የእሳት ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ቢያቃጥል፣ ኪሳራው በባቡር ድርጅቱ መዝገብ ላይ አይታይም። የማንቸስተር ጭስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በተደረገ ጥናት የማንቸስተር ቤተሰቦች ንጹሕ አየር ካላት ከሃሮጌት ነዋሪዎች ይልቅ ለልብስ አጠባ ብዙ ያወጡ ነበር፤ ፒጉ የጠቀሰው የከተማዋ ኪሳራ በዓመት ከ290,000 ፓውንድ በላይ ነው። ጭሱን የለቀቀው ሰው ከዚህ ምንም አልከፈለም።

ስለዚህ ፒጉ ጉዳት በሚያደርስ ሥራ ላይ ግብር እንዲጣል፣ ለሌላው ለሚተርፍ ሥራ ደግሞ ድጎማ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ደን መትከል ለአየር ንብረት የሚሰጠው ጥቅም ከተካዩ መሬት ወሰን አልፎ እንደሚሄድም ያኔውኑ ጽፏል። ለአገራችን አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ይህኛው ነው። በሰሜን ጎንደር ተዳፋት ማሳ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ የሚያፈሰው የራሱን ጉልበት ነው፤ ደለሉ የሚቀንሰው ግን በታች በኩል በተከዜ ወንዝ ለሚጠቀሙትም ጭምር ነው። የድጎማው ሐሳብ እንዲህ ላለው ሥራ ይስማማል።

ትችትም አልቀረለትም። ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ሥራ አጥነት የጻፈውን ክፉኛ ነቀፈ። ሮናልድ ኮዝ ደግሞ ፒጉ በሞተ በዓመቱ፣ የባለቤትነት መብት ግልጽ ከሆነና መደራደር ወጪ ከሌለው ጎረቤታሞች ያለ ግብር ሊስማሙ እንደሚችሉ አሳየ። ሆኖም ሚሊዮኖች የሚተነፍሱትን ጭስ በተመለከተ እንዲህ ያለው ድርድር የሚቻል አይመስልም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የካርቦን ግብር ጣለች፤ ስዊድን በዓመቱ ተከተለች። አንድ ቶን ካርቦን ስንት ብር ጉዳት ያደርሳል የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።