ጄኔራል ዊንጌትና የቡሬ መንገድ

«ዊንጌት» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በአዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ሰፈሩ ነው። ስሙ የተወሰደው ግን በ1933 ዓ.ም. በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ካለፉት እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነው። ይህን በእኛው በምዕራብ ጎጃም እንኳ የሚያስታውስ ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም።

ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ተወለዱ። ወላጆቻቸው «የፕሊማውዝ ወንድሞች» ከተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ስለ ነበሩ ልጃቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ኰትኵተው አሳደጉት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ወደ አገራቸው ሲገቡ ዊንጌት አብረዋቸው ነበሩ፤ ጥቂት ቆይተውም የሚመሩትን ጦር «የጌዴዎን ጦር» ብለው ሰየሙት። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር የጌዴዎንን ሠራዊት ወደ 300 ሰው አሳነሰው፤ እነርሱም በሌሊት በቀንደ መለከትና በችቦ የምድያምን ሰፈር አሸበሩ። ይህን ምዕራፍ ለሕፃናት የምናስተምር ሁሉ፣ አንድ የጦር አዛዥ በደጃችን በሥራ ሊፈጽመው እንደ ሞከረ ብናውቅ መልካም ነው።

በቡሬ ምሽግ በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዝ በሺህ የሚቆጠር የጣሊያን ጦር ሰፍሮ ነበር። የዊንጌት ሰዎች፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን፣ በቁጥር ከዚያ እጅግ ያንሱ ነበር። ስለዚህ በትናንሽ ቡድን ተከፍለው በሌሊት ከየአቅጣጫው ይተኩሱ ጀመር፤ ጠላትም ትልቅ ጦር የከበበው መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን አገሩ አስቀድሞ ስለ ተሸፈተበት ነው፤ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ዊንጌት ከመምጣታቸው ዓመታት በፊት በዱር ነበሩ።

አፈግፋጊው ጦር የካቲት 27 ቀን በደምበጫ አቅራቢያ፣ በወንዝ ዳር፣ ለመከላከል በማይመች ስፍራ በሰፈረው በሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ላይ ወደቀበት። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በኬንያ ስደተኞች የነበሩና እዚያው የሠለጠኑ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት መቶ ብቻ ሲሆን ሙሉ የጦር ሰልፍን ተቋቁመው ተዋጉ፤ ብዙዎቹም ወደቁ። ጠላት ጥሶ አለፈ። በእኛ አስተያየት የዘመቻው ሁሉ ክብደት ያለው በዚያ ወንዝ ዳር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ሰልፍ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ላይ ሆነው ይህንኑ ሁለተኛውን ሻለቃ እየመሩ አለፉ። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በ1968 ዓ.ም. የሕይወታቸውን ታሪክ በቴሌቪዥን ድራማ አቅርቦታል፤ ዕለቱም በየዓመቱ በአራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር በአበባ ጉንጉንና በአርበኞች ሰልፍ ይታሰባል። ከፈረሱ ኋላ በእግራቸው የሚጓዙት ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለዊንጌትም ከዚያ ቀን በኋላ ደስታው አጭር ነበር። ወዲያው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ታዘዙ፤ ለሰዎቻቸው የጠየቁት አበል ተከለከለ። በካይሮ በወባ ታመው ሳሉ፣ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ተስፋ ቆርጠው አንገታቸውን በስለት ወጉ። በቀጣዩ ክፍል የነበረ መኮንን ሰምቶ ደረሰላቸው። ይህን የምንጽፈው ሊፈረድባቸው አይደለም፤ ሥዕሉ የማያሳየን ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ድነው በበርማ ግንባር እንደ ገና ጦር መሩ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈሩበት የአሜሪካ አውሮፕላን በሕንድ ተራራ ላይ ወድቆ ከነተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሞቱ። አስከሬኖቹን መለየት ስላልተቻለ በ1943 ዓ.ም. እንግሊዛውያኑም አሜሪካውያኑም በአሜሪካ በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር በአንድ ጉድጓድ አብረው ተቀበሩ።