የመዲናዋን ዕጣ በዛፍ ያጸኑት ንጉሠ ነገሥት

ሰሚት ላይ አዲስ ሕንጻ ሲጀመር ከሲሚንቶውና ከብረቱ ጋር የባሕር ዛፍ አጠና ይደርሳል። ግንበኛው የሚቆምበት መወጣጫ፣ ጣሪያው እስኪደርቅ የሚደግፈው ምሰሶ፣ የግቢው ጊዜያዊ አጥር ሁሉ ከእርሱ ነው። የዛሬ 130 ዓመት ገደማ ግን ይህ ዛፍ ለሀገሬው ባዕድ ነበር። ከባሕር ማዶ መጥቶ የአዲስ አበባ መለያ እስኪሆን የተጓዘው መንገድ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ገና ልጅ የነበሩት አልጋ ወራሽ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው መቅደላ ገቡ። አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። መቀመጫቸው ከሆኑት ቦታዎች አንዱ አንኮበር ነበር። ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ የጥድ፣ የኮሶና የወይራ ዛፎችን ያቀፈው የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ፣ የመናገሻ ሱባ ደንም ከዚያ እንደበቀለ ይተረካል።

በዚያ ዘመን የነገሥታት ከተማ እምብዛም አይረጋም ነበር። ሠራዊት፣ መኳንንት፣ አገልጋይና ነጋዴ በአንድ ስፍራ ሲሰፍሩ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ በዙሪያው ያለው ዛፍ ይጨፈጨፋል። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይነሣል። ጥድና ወይራ ደግሞ ለቁም ነገር የሚደርሱት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በመሆኑ የተመነጠረው ደን በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም። ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ኋላም ወደ እንጦጦ የተዘዋወሩ ንጉሥ ናቸው።

እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ቢመችም ብርዱ የጸና፣ ውኃና እንጨት የሚቸግርበት ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ከተቀቡ በኋላ አዲሲቱ ከተማ በፍጥነት ሰፋች። በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ የውጭ ሀገራት መልእክተኞች ጎረፉ፣ ነዋሪውም በዛ። የእንጦጦ ጥድ ግን አለቀ። እንጨት ለቃሚው በየዓመቱ የሚጓዘው መንገድ ረዘመ፤ የማገዶ ዋጋም ናረ።

ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ለመነሣት አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ደን በቀረበበት ስፍራ፣ አዲስ ዓለም የምትባል ከተማ ቆረቆሩ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ መዲናን ማንሣት እንደ ድሮው ድንኳን መንቀል አልነበረም። ሌጋሲዮኖችና መኳንንት በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት ሠርተዋል፤ ገበያው ጸንቷል፤ የባቡር ሐዲዱም ወደ አዲስ አበባ እንዲደርስ ታቅዷል።

መፍትሔው ከችግኝ መጣ። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ ይነገራል፤ በማስገባቱም የምኒልክ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ስማቸው በብዛት ይነሣል። የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለምሰሶና ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኙ በትንሽ ዋጋ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ባለ ርስቱ ትርፉን ሲያይ ተከለ፤ የተራቆተው ኮረብታም አረንጓዴ ለበሰ። አዲስ አበባ በስፍራዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ምኒልክ የመናገሻን ደን በመንግሥት ይዞታ ሥር እንዳስጠበቁም ይነገራል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ለእርሻ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቆሙና ከንቲባ ወልደ ጻድቅን ሾሙበት። ከዚያ በኋላ ሕመም ጸናባቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

የተከሉት ዛፍ ግን ገና በሕይወት ሳሉ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል በሚል ከዛፎቹ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታወጀ። የቤቱን ማገዶና የኪሱን ገቢ ከዛፉ ያገኝ የነበረው ሕዝብ ዐዋጁን ሳይፈጽመው ቀረ። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። በሌላ ወገን ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለረጅም ዘመን የኖሩት በእርሱ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ እንዲያ የተመቸው አንድም በትውልድ ሀገሩ የሚበሉትን ነፍሳት ጥሎ በዘር መልክ ስለመጣ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ተባዩም ተከተለው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በቅጠሉ አጥንትና በአገዳው ላይ ዕባጭ የምታወጣ ደቃቅ ተርብ በኢትዮጵያ ታይታለች፤ ግንዱን የሚያቆስሉ የፈንገስ በሽታዎችም ተለይተዋል። የፈረንጅ ጥድንም ጭማቂውን የሚመጥ ክሽክሽ አድርቆታል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተተከለበት ኮረብታ ላይ ተባይ ከገባ የሚያግደው የለም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ደን ልማትና በሌሎች የመንግሥት ተቋማት የሚሠሩ የደን ጤና ባለሙያዎች ሥራ ከዚህ ይነሣል። ችግኝ ጣቢያን ይፈትሻሉ፤ የታመመ ቅርንጫፍ ቆርጠው በቤተ ሙከራ ይመረምራሉ፤ የተበከለው እንዲወገድ፣ ሀገር በቀሉና መጤው ተሰባጥሮ እንዲተከል ይመክራሉ። ምኒልክ የከተማቸውን የማገዶ ረኃብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አስታገሡ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ዕዳ ደግሞ የተተከለውን በጤና ማቆየት፣ ቀድሞ የተመነጠረውን ጥድና ወይራም ወደ ተራራው መመለስ ነው።