ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያንና የባቲ ቅኝት

እኛ የከሚሴና የባቲ አገር ልጆች፣ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች አንዱ በገበያ ከተማችን በባቲ ስም መጠራቱን እንደ ርስት እንቆጥረዋለን። የአገራችን ቅኝት ከማሲንቆና ከክራር አልፎ በትልቁ ቴያትር ቤት በትራምፔትና በሳክስፎን እንዲነፋ ከደከሙት ዋነኛው ሰው ግን ወሎዬ አይደሉም፤ አገር የነሷቸው አርመን ናቸው።

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1907 ዓ.ም. ዛሬ በቱርክ ግዛት ባለችው በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ አርመኖች የሚታረዱበት ነበርና ቤተ ሰባቸው ወደ ሶርያ ተሰዶ ሐለብ ላይ አደጉ። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጋር የሙዚቃ መሪ ሆነው አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ነርሲስም በጠላት ወረራ ዘመን ተከተሏቸው።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ መሩ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። የሙዚቃው ኀላፊ በመጀመሪያ ኦስትርያዊ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ኦርኬስትራው ወደ ሙሴ ነርሲስ እጅ ገባ።

ተመልካች የሚያየው መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ያለውን ነው። ጭንቁ ግን ከዚያ በፊት ነው። ማሲንቆ መቺው ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ ከዘፋኙ ጉሮሮ ጋር ይስማማል፤ የትራምፔት ድምፅ ግን በነሐሱ ልክ የተቆረጠ ነው። ብዙ ነፊዎች ባንድ ጊዜ እንዲነፉ ከተፈለገ ለያንዳንዳቸው ድርሻቸው በኖታ መጻፍ አለበት። ደግሞም ባቲ በአምስት ድምፅ የቆመ ቅኝት ነውና የፈረንጁን የሰባት ድምፅ ስምምነት እንዳለ ቢጭኑበት ባቲነቱ ይጠፋል። ሙሴ ነርሲስ ይህን ጣጣ እየፈቱ ኖታውን በእጃቸው ይጽፉ፣ ሙዚቀኞቹንም ያሠለጥኑ ነበር።

የአገር ዘፈን በፈረንጅ መሣሪያ ተበላሸ የሚሉ አሉ። እኛ ከነዚህ ወገን አይደለንም። በማዘጋጃ ቤቱም በቴያትር ቤቱም ኦርኬስትራ የነፉት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያስጮኹት፣ መቼም የጀግናው ወኔ ቀዘቀዘ የሚል አይገኝም።

ሙሴ ነርሲስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ የኢትዮጵያ ዜግነትም አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው ለሕዝብ የሚያሳየው ጀርባውን ስለ ሆነ፣ በዚያ አዳራሽ ካጨበጨበው ሰው ፊታቸውን ለይቶ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። በእኛም አገር ባቲን የሚያዜመው ጐረምሳ ስማቸውን ገና አልሰማም።