ጌኔ ጉሚቲ

ከጅማ ከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ጅሬን ኮረብታ ብትወጡ፣ የንጉሥ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ። የአባ ጅፋርን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አሁን የምታነቡት ግን የእናታቸውን የጉሚቲን ታሪክ ነው። ጌኔ በጊቤ ነገሥታት አገር ለንጉሥ ሚስት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነበር።

ጉሚቲ የጅማው ንጉሥ የአባ ጎሞል ባለቤት ነበሩ። አባ ጎሞል የጋሮን መንግሥት በጦር ድል አድርገው ግዛታቸውን ያሰፉ ንጉሥ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ አልጋውን የወረሱት ልጃቸው አባ ጅፋር ገና የ17 ዓመት ያህል ወጣት ነበሩ።

ጊዜው ለአዲስ ንጉሥ የሚመች አልነበረም። የጅማ ገበያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚጎርፍበት፣ ባሪያም የሚሸጥበት ስለ ነበረ፣ የሸዋና የጎጃም ነገሥታት የጊቤን አገር ለመያዝ ይፎካከሩ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉ። ከዚህ በኋላ የሸዋን ጦር ከጊቤ ማዶ የሚያቆመው ኃይል አልነበረም።

እስቲ ራሳችሁን በወጣቱ ንጉሥ ቦታ አድርጋችሁ አስቡ። አባት በጦር ያሰፉትን አገር ልጅ ጦር ሳይመዝዝ ለሌላ ንጉሥ ቢያስገብር፣ በዘመኑ እንደ ውርደት የሚቆጠር ነበር። ጉሚቲ ግን የድል አድራጊ ሚስት ሆነው ሳለ፣ ልጃቸው እንዳይዋጉ፣ ግብር ከፍለው አገራቸውን እንዲያተርፉ መከሩ። አባ ጅፋርም የእናታቸውን ምክር ተቀበሉ። ለምኒልክ ገበሩ፤ በምትኩም የውስጥ አስተዳደራቸው በእጃቸው ቀረ። ጎረቤቶቻቸው ነገሥታትም እንዲሁ እንዲያደርጉ ቢመክሩ የሰማቸው አልተገኘም።

ያልገበሩት አገሮች የደረሰባቸውን ታውቁ ይሆናል። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ከፋ ተወረሩ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙም ተማረከ። ጅማ ከዚህ እሳት ተረፈች። ነገር ግን የመትረፏን ዋጋ የከፈለችው በግብር ብቻ አልነበረም፤ የአባ ጅፋር ወታደሮች ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፈው በእነዚያው ጎረቤቶቻቸው ላይ ዘምተዋል። የጉሚቲን ብልኅነት ስናደንቅ ይህን መዝለል አይገባንም። እርሳቸው የመከሩት የራሳቸውን ሕዝብ ከጥፋት ለማዳን እንጂ ሌላውን ለመውጋት ባይሆንም፣ አንዱ ሌላውን ማስከተሉ አልቀረም።

አባ ጅፋር ለረጅም ዘመን ነገሡ። የጅሬን ቤተ መንግሥት አልተቃጠለም፤ ገበያውም አልተፈታም። ጅማ በራሷ ገዢዎች መተዳደሯ ቀርቶ በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባችው በ1924 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የእምባቦ ጦርነት ከተደረገ 50 ዓመት ሆኖት ነበር።